ስንት ከረጢት?

የአክስቴ ልጅ በ19 ዓመቱ ሉኪሚያ ይዞት ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ አክስቴ ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም። አንድ ቀን የቀይ ሥር ጭማቂ፣ ሌላ ቀን የጥቁር ጤፍ አጥሚት፣ በመጨረሻ ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን የብረት ክኒን ይዛ መጣች። ሐኪሞቹ «ደም አንሶታል» ሲሉ ሰምታለች፤ ደም ላነሰው ብረት እንደሚሰጥ ደግሞ እሷው ነፍሰ ጡር ሳለች ጤና ጣቢያ ተነግሯታል። ነርሷ ክኒኑን ስታይ ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችው። «እናቴ፣ ይህንን አይስጡት። ለእሱ ብረት አላነሰውም፤ በየከረጢቱ እየገባለት ነው» አለቻት። አክስቴ ቀና ብላ የተሰቀለውን ደም አየች። እኔም አየሁ።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ቆይቶ ነው። በሉኪሚያ ደም የሚያንሰው መቅኔው ስለተያዘ ነው፤ ኬሞውም ካንሰሩን ሲመታ ጤነኛውን የመቅኔ ሴል አብሮ ይመታል። ደም የሚሠራበት ቦታ ቆሟል እንጂ ብረት አልጠፋም። ስለዚህ ቀይ የደም ሴል ከሰው ተወስዶ ይሰጣል። አንዱ ከረጢት ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይይዛል። የሰው አካል በቀን የሚያጣው ብረት ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ እሱም ከቆዳና ከአንጀት በሚረግፉ ሴሎች ነው። ትርፍ ብረትን አውቆ የሚያስወጣበት መንገድ የለውም፤ ኩላሊትም አያወጣው፣ ላብም አያወጣው። አንድ ከረጢት ያስገባውን ብቻ ለማጣት ወራት ይፈጅበታል፤ በዚያ መሃል ምግቡም የራሱን ብረት ይጨምራል። የአንድ ጎልማሳ ጠቅላላ የብረት ሀብት ከ3 እስከ 4 ግራም ስለሆነ፣ 20 ከረጢት የወሰደ ሰው በላዩ ላይ የሌላ ሰው ሙሉ ብረት ተሸክሟል ማለት ነው።

የተሰጠው ሴል ዕድሜው ሲያልቅ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ይፈርሳል፣ ብረቱ ይቀራል። በደም ውስጥ ብረት የሚሸከመው ትራንስፈሪን የሚባል ፕሮቲን ነው። እሱ ሲሞላ ብረቱ ያለ ተሸካሚ ይንሳፈፍና ጉበት፣ ልብ፣ ቆሽትና ሆርሞን የሚያመነጩ ዕጢዎች ውስጥ ገብቶ ሴሎቹን ይጎዳል። ጉበት ይጠጥራል፣ ስኳር ይመጣል፣ ልብ ይደክማል፣ የልጅ ዕድገት ይጓተታል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይወስዳል፤ የመጀመሪያ ምልክቱም ድካም ነው። ከካንሰር የተነሣ ሰው ደከመኝ ሲል ደግሞ ማን ይጠረጥራል? «የኬሞው ነው» ይባላል፣ ይታለፋል።

የምለው አንድ ነገር ነው፦ ለካንሰር ሕመምተኛ የተሰጠ ደም በከረጢት ይቆጠር፣ ቁጥሩም በሕመምተኛው እጅ ይሁን።

«የደም ምርመራ እያለ ቆጠራ ለምን?» የሚል ይኖራል። የተለመደው ምርመራ ፌሪቲን ነው፤ በሚሊ ሊትር ከ1000 ናኖግራም ሲያልፍ ሐኪም ይሰጋል። ፌሪቲን ግን ኢንፌክሽን ሲኖርም፣ ጉበት ሲቆጣም፣ ካንሰሩ ራሱ ሲነሣም ይወጣል። ለሌላው ሰው ጥሩ ምስክር የሆነው ቁጥር ለካንሰር ሕመምተኛ ያምታታል። በጉበትና በልብ ያለውን ብረት አጥርቶ የሚለካው ለዚሁ የተዘጋጀ የኤምአርአይ ምርመራ ነው፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም። የከረጢት ቆጠራ እስክሪብቶና ወረቀት ብቻ ይፈልጋል። በ200 ማባዛት ማንም ይችላል።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ መጀመሪያ ሰውየው ይዳን እንጂ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ጣጣ ዛሬ ምን ያደርጋል? እውነት ነው። ሄሞግሎቢኑ ወርዶ ትንፋሽ ላጠረው ልጅ ደም ይሰጠው፤ ብረቱን ፈርቶ ደም የሚከለክል ይሳሳታል። የቀረው ዕድሜ በወራት ለሚቆጠር ሕመምተኛም ይህ ጭንቀት አያስፈልገውም። ነገር ግን ዛሬ ብዙ የሉኪሚያ ሕፃናት ይድናሉ። ታላሴሚያ የሚባል በዘር የሚወረስ የደም ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ደም እየወሰዱ፣ ብረት የሚያወጣ መድኃኒት ከመምጣቱ በፊት በጉርምስናቸው በልብ ድካም ይሞቱ ነበር፤ ስለ ብረት ክምችት የምናውቀው አብዛኛው ከእነሱ የተገኘ ነው። ከካንሰር የዳነ ልጅ ያንን ትምህርት እንደገና በራሱ ልብ መማር የለበትም።

መፍትሔውም አለ። ሕክምናውን ጨርሶ ሄሞግሎቢኑ ለተስተካከለ ሰው በየጊዜው ግማሽ ሊትር ያህል ደም ይቀዳለታል፤ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ብረት አንድ ከረጢት ያስገባውን ያህል ነው። ገና ደም ለሚወስድ ግን ይህ አይሆንም። ለእሱ ብረቱን ይዘው የሚወጡ መድኃኒቶች አሉ። የቀድሞው ዴስፈራል በትንሽ ፓምፕ ከቆዳ ሥር ሌሊቱን ሙሉ፣ ከ8 እስከ 12 ለሚደርሱ ሰዓታት የሚንጠባጠብ ነው። አሜሪካ በ2005 ያጸደቀችው ዴፈራሲሮክስ በቀን አንዴ የሚዋጥ ሆነ፤ ኩላሊትንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ክትትል አይወሰድም። መቅኔያቸው በሚገባ ደም በማይሠራ የኤምዲኤስ ሕሙማን ላይ የተደረገውና በ2020 የታተመው የቴሌስቶ ጥናት 225 ሰዎችን ተከታትሎ፣ መድኃኒቱን የወሰዱት የልብ ወይም የጉበት ችግር ሳይገጥማቸው፣ ሕመሙ ወደ ሉኪሚያ ሳይለወጥባቸው ወይም ሳይሞቱ በመካከለኛ ግምት 3.9 ዓመት ሲቆዩ፣ ያልወሰዱት 3.0 ዓመት እንደቆዩ አሳይቷል። አንድ ዓመት ገደማ ጤና ለሕመምተኛ ትልቅ ነገር ነው።

የአክስቴ ልጅ ሕክምናውን ጨርሶ ለክትትል ወደ ሌላ ሐኪም ሲሄድ የያዘው ወረቀት «ደም ተሰጥቶታል» ብቻ ይላል። ስንት ጊዜ? አይልም። ሐኪሟ ጠየቀችን፤ እኔ «ብዙ» አልኩ። አክስቴ ከቦርሳዋ ጠርዙ የተጣጠፈ የትምህርት ቤት ደብተር አወጣች። ደም በተሰቀለ ቁጥር ቀኑን ጽፋ፣ ለጋሹን ሳታውቀው ከጎኑ «እግዜር ይስጠው» ብላበታለች። ሐኪሟ መስመሮቹን በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካች ቆጠረች። 23። ከዚያ የምርመራ ወረቀት ሳበችና ፌሪቲን፣ የጉበት፣ የስኳርና የልብ ምርመራ ብላ ጻፈች፤ ደብተሩንም ፎቶ ኮፒ አድርጋ ከካርዱ ጋር አያያዘችው።