ለሁለታችሁ የሚሆን ወቅት

አንዲት እህት «ከባለቤቴ ጋር ለጥቂት ቀናት ወደ ጅጅጋ ወጣ ብለን ልናርፍ አስበናል፤ መቼ ብንሄድ ይሻላል?» ብላ ጠይቃኛለች። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን በወቅት ምርጫ ተሳስቼ ስለማውቅ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤቴ በጅጅጋ እንዲያገለግል ተጋበዘ። «በዚያው እናርፋለን» ብለን አብረን ሄድን። ወሩ መጋቢት ነበር፤ ሶማሌዎች «ጅላል» የሚሉት ደረቅ ወቅት ገና አላበቃም። ሜዳው ደርቋል፣ ነፋሱ አቧራ ያነሣል። ቀን ስብሰባ፣ ማታ ምክር ፈላጊ፤ ሁለታችን ብቻችንን የተነጋገርነው በመንገድ ላይ ብቻ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን ያሳደረችን እህት በጀሪካን ውሃ ስትገዛ አየኋት። ጠዋትና ማታ የታጠብንበት ውሃ እንደዚያ የተገዛ ነበር! ምንም አላለችንም። ስንሰናበት ብቻ «ሌላ ጊዜ ጥቅምት ላይ ኑ፤ አገሩ የሚያምረው ያኔ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጅጅጋ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ብዙዎቻችን እንደምናስበው በረሃ አይደለችም። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ታገኛለች፦ «ጉ» የሚባለው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ «ከረን» የሚባለው ደግሞ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም። ስለዚህ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ምድሩ ሳይደርቅ፣ ጥቅምትና የኅዳር መጀመሪያ ይመረጣሉ። ከሐረር በባቢሌ በኩል ብትሄዱ የዳካታን የድንጋይ ቁልሎች ታያላችሁ፤ የካራማራን ተራራ ስትሻገሩም የጅጅጋ ሜዳ ከፊታችሁ ይዘረጋል። ታኅሣሥና ጥርም መልካም ናቸው፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ ግን ጋቢ ያዙ። በድሬዳዋ በኩል ወደ ሽንሌና ኤረር ለምትወርዱ አገሩ ቆላ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ካልሆነ ሙቀቱ ይከብዳል።

የሚቀበሏችሁንም ሰዎች አስቡ። የከተማው ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ይቀድማል፤ በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት 22 ገብቷል። በጾሙ ወር ከሄዳችሁ ቀን በአደባባይ ከመብላት ተቆጠቡ፤ ይህ ፍርሃት ሳይሆን ጎረቤትን መውደድ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ በተነሣው ሁከት ሰዎች መሞታቸውን፣ አብያተ ክርስቲያናትም መቃጠላቸውን አንረሳም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት በዚያ ላሉ ወገኖች ደውላችሁ የመንገዱንና የከተማውን ሰላም ጠይቁ፤ ምክራቸውንም ስሙ።

እኛ ከሁለት ዓመት በኋላ በጥቅምት ተመለስን። ባለቤቴ በዚያው ሳምንት የመጣለትን የአገልግሎት ግብዣ «አልችልም» ብሎ መለሰ፤ ይህ ለእርሱ ቀላል አልነበረም። ማንንም ሳናስቸግር በራሳችን ገንዘብ ማረፊያ ያዝን። በሁለተኛው ማታ፣ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ አገልግሎቱን ለመተው ማሰብ ከጀመረ አንድ ዓመት እንዳለፈው ነገረኝ። አንድ ዓመት ሙሉ! በአንድ ቤት እየኖርን አልሰማሁትም። ምናልባት እርሱም ለመናገር፣ እኔም ለመስማት ጊዜ አጥተን ይሆናል። በዚያ ሌሊት አብረን አለቀስን፤ አብረንም ጸለይን። ዛሬም በአገልግሎቱ አለ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ፣ ጌታ ለብቻቸው ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው። እኛ ከጌታ ይልቅ ለአገልግሎት የምንቀና አይምሰለን።

እህቴ ሆይ፣ መልሴ ጥቅምት ነው። ነገር ግን ዛሬ ማታ ከባለቤትሽ ጋር የቀን መቁጠሪያውን ዘርጉና ሦስት ቀን ምረጡ። በእነዚያ ቀናት ላይ ስብሰባም፣ ዘመድ ጥየቃም፣ ሥራም አትደርቡ። ገንዘቡ ለጅጅጋ ካልበቃ ቅርብ ያለች ከተማ ትሁን። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ምድር እንደምትለመልም፣ ጌታ ትዳራችሁን ያለምልም!