ጁልየት ከሞተች በኋላ ያሉት ገጾች

ሰሞኑን ከመካከላችን የአንዷ ታናሽ እህት ለፈተና የምታጠናበትን ደብተር ይዛ መጣች። ቡና እየጠጣን ስለነበር ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ርዕሱ በቀይ እስክርቢቶ ተሰምሮበታል፦ «ሮሜዮና ጁልየት፣ አምስተኛ ገቢር»። ከሥሩ ቲቸር ያስጻፏቸው አምስት ነጥቦች ተደርድረዋል። አንደኛ፣ ዕጣ ፈንታ። ሁለተኛ፣ የወጣቶች ችኮላ። ሦስተኛ፣ ወላጅን አለመስማት የሚያመጣው መዘዝ። አራተኛ፣ ፍቅር ዕውር መሆኑ። አምስተኛ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ቤተሰቦች መታረቃቸው። በቃ፣ ገቢሩ አለቀ!

ሳቅን፤ ከዚያ ግን ሳቁ ደረቀብን። ምክንያቱም ይሄ የኛም ደብተር ነበር። እኛም ስንማር ንባቡ ጁልየት ጩቤውን ደረቷ ላይ ስትሰካ ያበቃል፣ መጽሐፉ ይከደናል፣ ኋላ ወንበር ላይ አንድ ሁለት ልጅ ያፏጫል፣ ደወል ይደወላል። የቀረው «ማጠቃለያ» ነው ተብለን አለፍነው። መቼም 60 ተማሪ ያጨቀ ክፍል ውስጥ ለፈተና የሚሆን ነጥብ ማስጻፍ ግድ መሆኑን አንክድም፤ አስተማሪን መስደብም አልፈለግንም። ነገር ግን ይሄ ደብተር ሁለት ልጆችን መቃብር ቤት ውስጥ አጋድሞ ጥፋቱን መልሶ በነሱ ላይ ይቆልላል። ይህን ነው የምንቃወመው።

ከችኮላው እንጀምር። ሮሜዮ ችኩል ነው፣ አንሟገትም። አሽከሩ ባልታዛር ጁልየት ሞተች ብሎ ማንቱዋ ድረስ ሲመጣበት አንድ ቀን እንኳ አላደረም፤ ባልታዛር ታገሥ እያለ ሲለምነው አልሰማም፤ ቀጥ ብሎ መርዝ ፍለጋ ነው የሄደው። ግን እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብለን እንይ። በዚህ ቴያትር ውስጥ ከማንም በላይ የቸኮለው ማነው? አባትየው ካፑሌት! ገና 14 ዓመት ያልሞላትን ልጁን ሰኞ ለት ሐሙስ ታገቢያለሽ ብሎ ወሰነ። ልጅቷ ተመልሳ ይቅርታ ስትጠይቀው ደግሞ ደስታው አላስችል ብሎት ሠርጉን ወደ ረቡዕ አመጣው። አባ ሎሬንስ የሰጧት የእንቅልፍ መድኃኒት የሚሠራው ለ42 ሰዓት ነው። አባትየው በአንድ ቀን ሲያሳጥረው ደብዳቤው ማንቱዋ የሚደርስበት ጊዜም አብሮ አጠረ። ይሄ በደብተሩ ውስጥ የለም። ያቺ ችኩል የምትባለው ጁልየት ደግሞ በዚያች በረንዳ ላይ በታየችበት ሌሊት ነገሩ በጣም ፈጠነብኝ ብላ የሰጋችው እሷው ነበረች። ይሄም የለም።

«ወላጅን አለመስማት» የሚለውስ ከየት መጣ? እኛ ምንጩን የምናውቀው ይመስለናል። ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው አርተር ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1562 ካሳተመው ረዥም ግጥም ነው። ብሩክ ለአንባቢ በጻፈው መቅድም ላይ ሁለቱ ልጆች የወላጅና የወዳጅ ምክር ንቀው ለፍላጎታቸው የተገዙ፣ በዚህም ለጥፋት የበቁ ናቸው ብሎ ይገስጻል። ሼክስፒር ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ታሪኩን ሲያነሳ ወራት የፈጀውን ነገር ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ጠቀጠቀው፤ ያንን ተግሣጽ ግን አልወሰደውም። በቦታው ባስገባው መግቢያ ላይ የወላጆቹ ጠብ የሚቀበረው በልጆቻቸው ሞት መሆኑን ገና መጋረጃው ሳይገለጥ ነግሮናል። እንግዲህ የእህታችን ሦስተኛ ነጥብ ሼክስፒር የጣለው የብሩክ መቅድም ነው። ሰውየው አውቆ የተወውን ነገር 400 ዓመት ቆይተን ለቅመን እናስተምርለታለን!

ዕጣ ፈንታ የሚለው እንኳ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኮከባቸው አለመግጠሙ እዚያው መግቢያው ላይ ተነስቷል፤ ሮሜዮም የሞቷን ወሬ ሲሰማ ከከዋክብት ጋር ሊገጥም ይፎክራል። ነገር ግን ሮሜዮ ስላለ እኛ ማመን አለብን? የገቢሩን ሁለተኛ ትዕይንት እንይ። ከሦስቱ አጭሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው። አባ ሎሬንስ ደብዳቤውን የሰጡት አባ ጆን ለሚባሉ ሌላ መነኩሴ ነበር። አባ ጆን አብሯቸው የሚሄድ ሌላ መነኩሴ ፍለጋ በሽተኛ ወደሚጠየቅበት ቤት ጎራ አሉ። የከተማው የጤና ተቆጣጣሪዎች ቤቱ ተላላፊ በሽታ ገብቶበታል ብለው ስለጠረጠሩ በሩን ከውጭ ዘጉባቸው። ደብዳቤው ከቬሮና ሳይወጣ ቀረ። ፍርሃቱ ከመበርታቱ የተነሳ ወደ ላኪው የሚመልሰው ሰው እንኳ አልተገኘም።

ይሄ ኮከብ አይደለም። ይሄ በ2020 እ.ኤ.አ. ዓለም በሙሉ ያየው የተዘጋ በር ነው። ቴያትሩ ከመጻፉ ጥቂት ቀደም ብሎ ከ1592 እስከ 1594 እ.ኤ.አ. በወረርሽኝ ምክንያት የለንደን ቴያትር ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ተዘግተው ነበር። ተመልካቹ የታሸገ ቤት ምን እንደሆነ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ባልታዛር ግን የሐሰቱን ወሬ ይዞ በፈረስ እየጋለበ ያለ ችግር ገብቷል። እውነቱ ተቆልፎበት ሐሰቱ ጋለበ! ደግሞስ የሁለት ሰው ሕይወት በአንድ መነኩሴ ኪስ ውስጥ በድብቅ ለምን ይሄዳል? ጋብቻው በግልጽ እንዳይነገር ያደረገው ማነው? ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ሁለቱ ቤተሰቦች በር ላይ መድረሱ አይቀርም። «ዕጣ ፈንታ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን የትም አይደርስም፣ ማርኩን ይዞ ይሄዳል።

አንድ ሰው አለ፣ ስሙ እንኳ ያልተጻፈ። የማንቱዋው መድኃኒት ቀማሚ። ልብሱ ያለቀ፣ ሱቁ በባዶ ሣጥንና በአሮጌ ዕቃ የተሞላ፣ ረኃብ ፊቱ ላይ የሚነበብ። መርዝ መሸጥ በማንቱዋ ሕግ በሞት ያስቀጣል። ሮሜዮ 40 ዱካት ያሳየዋል። ሰውየው የተስማማው ድህነቱ እንጂ ፈቃዱ እንዳልሆነ ይናገራል፤ ሮሜዮም የምከፍለው ለዚሁ ድህነትህ ነው ይለዋል። ቀጥሎም መርዙን የሸጥኩልህ እኔ ነኝ፣ ይሄ ወርቅ ከያዝከው ብልቃጥ የከፋ ገዳይ ነው ማለቱን በገዛ አፉ ይመሰክራል። የሀብታም ልጅ ሆኖ ይሄን ማስተዋሉ ያስደንቃል፤ ግን አስተውሎም ይገዛል። ዜፊሬሊ በ1968 እ.ኤ.አ. በሠራው ፊልም ይሄ ሰውዬ ጭራሽ የለም። ብዙዎቻችን ቴያትሩን የምናውቀው በፊልም ስለሆነ ድሃው ከታሪኩ ወጥቶ ቀርቷል።

እዚያው ፊልም ላይ ፓሪስም አይገደልም። በመጽሐፉ ግን አበባ ይዞ ወደ መቃብሯ የመጣውን ሰው ሮሜዮ ሂድልኝ ብሎ ለምኖ፣ አልሄድ ሲለው ይገድለዋል፤ ማንነቱን የለየው ከገደለው በኋላ ነው። ይሄንን መቁረጥ ሮሜዮን ንጹሕ ያደርገዋል፤ ጠቡ ሁሉንም እንደበከለ ግን እንዳናይ ይጋርደናል። ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከንፈሯና ጉንጯ ቀልቶ ያያል፣ ሞት ገና እንዳላሸነፋት ይናገራል… እና መርዙን ይጠጣል። ዐይኑ አይቶ ልቡ አላየም። እዚህ ቦታ ላይ ተነስቶ መጮኽ ያላማረው ተመልካች ይኖራል? ነገሩ ስለከበዳቸው የለወጡትም አሉ። ጋሪክ በ1748 እ.ኤ.አ. ሮሜዮ ሳይሞት ጁልየትን ቀስቅሶ አነጋገራቸው፤ በ1996ቱ የሉርማን ፊልምም ዐይኗን ቀድማ ትገልጣለች። ያሳዝናል፣ ያስለቅሳል። ሼክስፒር ግን ያቺንም ደቂቃ ነፈጋቸው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ደብተሩ ሁሉ ወደሚዘጋበት። የመጨረሻው ትዕይንት 310 ያህል መስመር አለው። ጁልየት ከሞተች በኋላ 140 የሚሆን ይቀራል! ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አንድ ጸሐፊ ይህን ሁሉ ቀለም ያፈሰሰው ለማጠቃለያ ነው? አይደለም። ልጆቹ አልቀዋል፣ አሁን መድረኩ የታላላቆች ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ የሌሊት ዘበኞቹ አሁን ይሮጣሉ፣ መስፍኑ አሁን ከእንቅልፉ ይነሳል፣ ወላጆች አሁን ይሰበሰባሉ። የሮሜዮ እናት በልጇ ስደት ኀዘን በዚያው ሌሊት ሞታለች። ጁልየትን መቃብር ውስጥ ብቻዋን ትተው የሸሹት አባ ሎሬንስ ተይዘው ይቀርባሉ። ነገሬ አጭር ነው ብለው ይጀምሩና 40 መስመር ያወራሉ (ይሄን የሚመስል ሽማግሌ ሁላችንም እናውቃለን)። ጥፋት ካለብኝ ሕይወቴ ለሕጉ ትሰጥ ይላሉ። መስፍኑም የተቀደሱ ሰው መሆንዎን እናውቃለን ብሎ ያልፋቸዋል። አለቀ።

መስፍኑ ራሱ ጠባችሁን አይቼ እንዳላየሁ በማለፌ ሁለት ዘመዶቼን አጣሁ ብሎ ያምናል፤ መርኩሽዮንና ፓሪስን ማለቱ ነው። ከገቢሩ ሁሉ እውነተኛ ንግግር ይሄ ይመስለናል። ዝርዝሩ ውስጥ ግን አይገባም፤ ምክንያቱም የሚያጋልጠው ወጣቱን ሳይሆን ባለሥልጣኑን ነው።

ከዚያ «እርቁ» ይመጣል። ካፑሌት እጁን ይዘረጋል። ሞንታግ ከዚህ የበለጠ እሰጣለሁ፣ የልጅህን ሐውልት በንጹሕ ወርቅ አሠራለሁ ይላል። ካፑሌት እኔም የሮሜዮን ከጎኗ ያንኑ ያህል አሳምሬ አቆማለሁ ይላል። ጎበዝ፣ ይሄ እርቅ ነው ወይስ ጨረታ? በኛ አገር ሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቃል፤ መጀመሪያ በዳይ ይለያል፣ በደሉን ያምናል፣ ካሣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ጠቡ በምን እንደተጀመረ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። የድሃውን ሰው ቀልብ የገዛው ወርቅ በዚያው ገቢር መጨረሻ ላይ ሐውልት ሆኖ ተመለሰ። ደብተሩ ግን ይሄን «ታረቁ» ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል።

የሚገርመን ሌላ ነገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ጥፋቱን በበዛብህና በሰብለ የሚደፈድፍ አንባቢ አላጋጠመንም። ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው በፊታውራሪ መሸሻ ኩራትና ያንን ኩራት ባቆመው ሥርዓት ላይ ነው። እንዲህ ማንበብ እንችላለን ማለት ነው! ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን ይህን ቴያትር ስናነብ ያ ችሎታ የት ይጠፋብናል?

ለማንኛውም ያን ዕለት የመጨረሻዎቹን ገጾች ከልጅቷ ጋር ድምፃችንን እያሰማን አነበብናቸው። መስፍኑ ይቅርታ የሚደረግለትም የሚቀጣም ይኖራል ብሎ ሲወጣ እጇን አነሳች፤ ቤት ውስጥ መሆኗን ረስታ። «መነኩሴውን አልፏቸዋል፣ ቤተሰቦቹ ሐውልት ሊያሠሩ ነው፤ ታዲያ የሚቀጣው ማነው?» አለችን። በብሩክ ግጥም መድኃኒት ቀማሚው ይሰቀላል፣ የጁልየት ሞግዚት ትባረራለች። ሼክስፒር ይህን አልነገረንም፤ ግን መስፍኑ እጅ ላይ ያለው የሮሜዮ ደብዳቤ መርዙ ከአንድ ድሃ መድኃኒት ቀማሚ እንደተገዛ ይናገራል። ይህን ስንነግራት ደብተሯን ገልጣ በሰማያዊ እስክርቢቶ ስድስተኛ ነጥብ ጨመረች፦ «40 ዱካት የተቀበለው ሰውዬ ምን ሆነ?» ሰኞ ቲቸርን እጠይቃለሁ ብላ ሄዳለች።