ሥዕል ወይስ ጽሕፈት?

ቻይንኛ ለመማር የተነሣሣ ወጣት በመካከላችን መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። ከደራ ወደ አዳማ የሚመጣ ተማሪ ምክንያቱን በዓይኑ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውን የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሠሩት፣ በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረውን የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ የዘረጉት፣ በአዳማ ኮረብቶች ላይ በድምሩ 204 ሜጋዋት አቅም ያላቸውን የነፋስ ተርባይኖች ያቆሙት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ሥራ ባለበት አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ስለዚህም ቋንቋው እንጀራ ሆኗል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኮንፊሽየስ ተቋምም ቻይንኛ ያስተምራል።

ነገር ግን አንድ የሚያሳስበን ጉዳይ አለ። ይኸውም ከተማሪው መካከል ንግግሩን እየያዘ ፊደሉን እንደ ትርፍ ነገር የሚቆጥር መኖሩ፣ የሚጽፈውም ቢሆን ጭረቱን ከፈለገበት ጀምሮ በፈለገበት መጨረሱ ነው። መልኩ ከመጣ ምን ቸገረ ይላል። እኛ ግን ይህ ሥዕል መሣል እንጂ መጻፍ አይደለም እንላለን።

የጭረት ቅደም ተከተል የመምህር ግትርነት አይደለም። ደንቡ ጥቂት ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አግድሙ ከቁሙ በፊት። አሥር የሚለው፣ መስቀል የሚመስለው ፊደል መጀመሪያ አግድም፣ ቀጥሎ ወደ ታች ይሰመራል። አገር የሚለው ፊደል ዙሪያው የታጠረ ነው፤ አጥሩ በሦስት ጎን ይቆማል፣ ውስጡ ይሞላል፣ የታችኛው ጭረት በመጨረሻ ይዘጋል። የቻይና መምህራን ይህን ለልጆች ሲያስረዱ መጀመሪያ ሰው ይግባ፣ ከዚያ በሩ ይዘጋ ይላሉ። አፍ የሚለው ፊደል አራት ጎን አለው፤ የሚጻፈው ግን በሦስት ጭረት ነው፤ የላዩና የቀኙ ጎን በአንድ ጭረት ይያያዛሉና። ይህን ያላወቀ ሰው በጭረት ቁጥር በተደረደረ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲዳክር ይውላል። የፈጣን እጅ ጽሑፍ ማንበብም ይከብደዋል፤ ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው ጭረቶቹን የሚያያይዘው ይህንኑ ቅደም ተከተል ተከትሎ ነውና። የቻይና መንግሥት በ2013 ባወጣው ዝርዝር ውስጥ 8,105 ፊደላት አሉ፤ ከእነርሱም 3,500ዎቹ የዘወትር ናቸው። ይህን ሁሉ ዓይን ብቻውን አይሸከመውም፤ እጅ ሊያግዘው ይገባል።

ስልኩ ይጽፍልን የለም ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ድምፁን በላቲን ፊደል ሲነኩለት ስልኩ ፊደሎችን ይደረድራል። መምረጥ ግን የሰው ፋንታ ነው፤ አንዱን ድምፅ ብዙ ፊደሎች ይጋሩታልና። ዓይንም በደንብ የሚለየው እጅ የለመደውን ነው። መሬት የሚለውና ምሁር የሚለው ፊደል እያንዳንዳቸው ሦስት ጭረት አላቸው፤ የታችኛው አግድም ሲረዝም መሬት፣ የላይኛው ሲረዝም ምሁር ይሆናል። እንግዲህ በምሁርና በአፈር መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ጭረት ርዝመት ነው!

ለገበያ ብቻ የሚማር ሰው ንግግሩ ይበቃዋል፤ አንከራከረውም። አስተርጓሚ ነኝ ብሎ በሠራተኛና በአሠሪ መካከል የሚቆም ግን የውሉን ወረቀትና የማሽኑን ማስጠንቀቂያ ማንበብ ግዴታው ነው። አፍ ብቻ ሆኖ የቀረ አስተርጓሚ፣ ሠራተኛው ያላነበበውን ሲፈርም ቆሞ ከማየት በቀር ምን ሊያደርግለት ይችላል?

ነገሩ ወደ ገዛ ፊደላችንም ይመልሰናል። በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብና ጽሕፈት የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ። ልጁ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ይደግማል፤ ብራና ፍቆ፣ ብርዕ ቀርጾ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ ግን እጁን ከመምህር ሥር ሆኖ ለብቻው ያሠለጥናል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሁላችንንም ጸሐፊ አድርጎናል፤ የእጁን ሥርዓት ግን ምን ያህል አስተማረን? የ«ሐ» ሦስት እግሮች ከየትኛው እንደሚጀመሩ አሥር ተማሪ ቢጠየቅ ምናልባት መልሱ አንድ አይሆንም።

ስለዚህ ቻይንኛ የሚያስተምሩ መምህራኖቻችን የፊደሉን መልክ ብቻ ሳይሆን አጻጻፉንም አይተው ነጥብ እንዲሰጡ እንለምናለን። መምህር ለመሆን የሚሠለጥኑ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም የገዛ ፊደላችንን የአጻጻፍ ሥርዓት ቢማሩ፣ ነገ ለሕፃናቱ ያስተላልፉታል። ተማሪዎች ሆይ፤ በቀን አምስት ፊደል ብቻ በደንቡ እንጻፍ። የማያልቅ የሚመስለው 3,500 በ700 ቀን ያልቃል፤ ይኸውም ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።