ስለ ድመት ማዋያ አሠራር

ድመትን በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ሁለት አሳብ ያስጨንቃቸዋል። ከቤት የወጣች እንደ ሆነ መኪና ይጨፈልቃታል፤ መርዝ የቀመሰ አይጥ በልታ ትሞታለች፤ ያበደ ውሻ የነከሳት እንደ ሆነም በሽታውን ይዛ ወደ ልጆች ትገባለች። በቤት የተዘጋባት እንደ ሆነ ደግሞ ምንጣፍና መጋረጃ ስትቧጭር፥ በበሩ ሥር ሆና ስትጮኽ ትውላለች። የእነዚህ የሁለቱ ማስታረቂያ የድመት ማዋያ ነው፤ ይኸውም ከቤቱ ግድግዳ ጋራ ተያይዞ በሽቦ ወንፊት የተከለለ፥ ድመቲቱ በመስኮት እየወጣች ፀሐይና ነፋስ የምታገኝበት ስፍራ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ድመትን በወህኒ ማኖር ምን ይባላል? አይጡንስ ማን ይይዘዋል?» ይሉ ይሆናል። አይጥ የሚገኘው በጓዳና በጎተራ ስለ ሆነ፥ ድመቲቱ ወደ ቤት መመለሻ መንገድ እስካላት ድረስ ሥራዋ አይታጐልም። ከአደኗ የሚቀርባት የወፍ አደን ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በኒው ዚላንድ አገር ስቲቨንስ በምትባል ትንሽ ደሴት፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. ለመርከቦች የሚያበራ ግንብ ሥራውን ጀመረ፤ በዚያን ጊዜ የገቡት ድመቶችም ተራብተው፥ በምድር ላይ እየሮጠች የምትኖረውንና የመጨረሻ መጠጊያዋ ያች ደሴት የነበረችውን አንዲት የወፍ ዘር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈጽመው አጠፏት። በአውስትራልያ ዋና ከተማ በካንቤራም ከጁላይ 1 ቀን 2022 ወዲህ የተወለደች ድመት ከባለቤትዋ ግቢ ወጥታ እንዳትዞር በሕግ ተወስኗል።

እንግዲህ ማዋያው ወህኒ መሆኑ ወይም አለመሆኑ በአሠራሩ ይታወቃል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እንደ ተባለ፥ ጠባይዋ በትእዛዝ የማይለወጥ ስለ ሆነ ስፍራውን ለጠባይዋ እንደሚስማማ አድርጎ መሥራት ይገባል። ድመት ከወለል ስፋት ይልቅ ከፍታን ትወዳለች፤ ከላይ ሆና የሚመጣውን ሁሉ ለማየት ትሻለችና። ስለዚህ የማዋያው ቁመት ከ1.80 ሜትር ባያንስ ይሻላል፤ ለማጽዳት የሚገባውም ሰው ሳይጐብጥ ይሠራል። በውስጡ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ቆጦች አንዱ ካንዱ ከፍ እያሉ እንደ ደረጃ ይሠሩ፤ በአንዱ ማዕዘን መደበቂያ ሣጥን፥ በሌላው ጥፍሯን የምትስልበት ቅርፊቱ ያልተላጠ ግንድ ይቁም። ድመቶቹ ሁለት የሆኑ እንደ ሆነ፥ አንዲቱ በሌላዪቱ ላይ መንገድ እንዳትዘጋ ወደ ቆጡ መውጫው ሁለት ይሁን።

የሽቦው ዓይን ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው፤ ለዶሮ ቤት የሚሆነውን ቀጭን ሽቦ ብርቱ ውሻ ሊቀደው ስለሚችል የተበየደው ወፍራሙ ይመረጣል። ውሻ ከሥር ምሶ እንዳይገባም ጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በመሬት ይቀበር። ጣራው ግማሹ ለዝናብና ለጥላ ቆርቆሮ፥ ግማሹ ለፀሐይ ሽቦ ይሁን። ሰው የሚገባበት በር ድርብ ሆኖ፥ አንዱን ዘግቶ ሌላውን መክፈት ልማድ የተደረገ እንደ ሆነ ድመቲቱ በሰው እግር መካከል ሾልካ አታመልጥም።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። ምስጥ እንዳይበላው ብለው የእንጨቱን ቋሚ በተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ ሰዎች አሉ። ድመት ገላዋን በምላሷ ስለምታጸዳ፥ ጠጕሯን የነካው ሁሉ ወደ ሆዷ ይገባል። ስለዚህ ዘይቱ ቀርቶ ቋሚው በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መሠረት ላይ ቢቆም ይሻላል። እንደዚሁም ሊሊ የሚባለው አበባ ኵላሊቷን አጥፍቶ ይገድላታልና በማዋያው አጠገብ አይተከል።

ማዋያው ተሠርቶ ካለቀ በኋላም የባለቤቱ ሥራ አያልቅም። ውሃዋ በየቀኑ ይለወጥ፤ የምትጸዳዳበት አሸዋ ይጠረግ፤ የውሻ እብደት መከላከያ ክትባትም «ታጥራለች» ተብሎ አይተውባት። ሥራው መልካም መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ድመቲቱን ይመልከት፤ መስኮቱ ሲከፈትላት በፈቃዷ ወደ ማዋያዋ የምትወጣ ከሆነች ስፍራው ተስማምቷታል፤ በግድ ተይዛ የምትገባ ከሆነች ግን ባለቤቱ ድመቲቱን ከመቈጣት ይልቅ ቆጡንና ጥላውን ደግሞ ይመርምር።