ቅርጫት አለን፣ ሣጥን የለንም

ተማሪ ሳለሁ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ከብቸና ሞጣ ለግጥሚያ ይመላለስ ነበር። ከሁለቱ ከተሞች በአንዱ (የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ሁለቱም ዘመዶቼ ናቸው) አሸንፈን እየጨፈርን ስንመለስ፣ ልብሳችንን የከመርንበት የሜዳ ጥግ ባዶውን ጠበቀን። የእኔ አሮጌ ሹራብ ነበረች፤ ሄደች፣ ብዙም አላዘንኩ። ከጎኔ ይጫወት የነበረው ልጅ ግን የጠፋበት ጤፍ ተሸጦ የተገዛለት አዲስ ጫማ ነው። የተጫወተበትን ሸራ ጫማ ለትምህርት ቤቱ መልሶ በባዶ እግሩ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ልምምድ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ስጠይቀው «ኳስ ይቅርብህ ተባልኩ» ብሎኝ አንገቱን ደፋ። ከቡድናችን የተሻለው ተጫዋች እሱ ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አንድ ተራ ነገር ነው፦ ስለ ሣጥን። ስፖርተኛ ልብሱን የሚያኖርበት፣ በር ያለው፣ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን። የከተማ ሰው «ሎከር» ይለዋል።

ለመሆኑ ይህ ጨዋታ እንዴት እንደተወለደ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በተባለች ከተማ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር ለአዲስ ጨዋታ የሚሆን ሁለት ሣጥን እንዲፈለግለት የሕንፃውን ተንከባካቢ ይጠይቃል። ሰውየው ሣጥን አጥቶ ሁለት የኮክ ቅርጫት ይዞ መጣ። ጨዋታው ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እነሆ ከ130 ዓመት በላይ አለፈ፤ ቅርጫቱ እኛም ጋ ደርሷል፣ ሣጥኑ ግን አሁንም እንደጠፋ ነው።

አንድ ጊዜ ይህን ሐሳብ ለአንድ የትምህርት ባለሥልጣን ባነሳላቸው «ኧረ ተወኝ! እሱ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» አሉኝ። ሣጥን የፈረንጅ ሆኖ አረፈው? ያገሬ ሙሽራ ያለ ሣጥን ትዳራለች እንዴ? ካህኑ ልብሰ ተክህኖውን ድንጋይ ላይ ይጥለዋል? ዕቃ ቤት አለው እኮ! እህላችን ጎተራ፣ እንጀራችን መሶብ፣ ጌጣችን ሙዳይ አለው። ማኖሪያ ያጣው የተማሪው ልብስ ብቻ ነው።

ወጪው ነው የሚያሳስበን? አንድ ቡድን የሚያስመዘግበው ቢበዛ 12 ተጫዋች ነው፤ ስለዚህ 12 ሣጥን። ይህ ለብቸናም ለሞጣም አናጢ የሚከብድ ሥራ አይደለም። እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ይመረጣል። ባሕር ዛፍም ይሆናል፣ ግን በደንብ ይድረቅ፤ እርጥቡን ከሠሩት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ከወለሉ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፣ እርጥበት እንዳይወጣበት። በሩ ላይ ቀዳዳ ይኑረው፣ ላብ የጠጣ ልብስ እንዲናፈስ። ሁለት ምስማር ለልብስ፣ አንድ መደርደሪያ ለደብተር፣ አንድ ጓጉንቸር ቁልፍ። አለቀ።

አሁን ደግሞ ለውድድር መዝጊያ የምናወጣውን አስቡት። ባነር፣ ከነቴራ፣ የክብር እንግዳ ምሳ፣ የሚያብረቀርቅ ዋንጫ። ለዋንጫ የሚሆን ብር አለን፤ ለዋንዛ የለንም!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሴቶቹ ነገር ነው። ወንዱ ዛፍ ተከልሎ ይቀይራል። ልጅቷስ? አንዷን «ለምን ተውሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ ከዩኒፎርሜ ሥር ቱታ ለብሼ ነው የምውለው። ከጨዋታ በኋላ በላቤ ክፍል ስገባ ይስቁብኛል» አለችኝ። ሁለቱም ከተሞች 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በዚያ ብርድ በላብ ልብስ መዋል ጤናም አይደለም። እኛ ደግሞ መድረክ ላይ ወጥተን «ሴቶች ለምን በስፖርት አይሳተፉም?» ብለን እንወያያለን። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1972 በትምህርት የፆታ አድልዎን በሕግ ሲከለክሉ፣ በ1975 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብ በስፖርት እኩልነት ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ መልበሻ ክፍል ነው ብሎ በግልጽ ጻፈ። ሕግ አውጪ ስለ ልብስ መቀየሪያ መጻፉ አላሳፈረውም። እኛን ግን መናገሩም ያሳፍረናል።

«ውኃና መጽሐፍ ይቀድማል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይቀድማል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉን ባመሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት በተዘጋበትና በተጎዳበት ዘመን ስለ ሣጥን ማውራት ቀልድ ሊመስል እንደሚችልም አላጣሁትም። ግን የፈረሰው ሲጠገን ንድፍ ይነሳል። ያን ጊዜ ሴቶችና ወንዶች የተለያየ መልበሻ ክፍል፣ በውስጡም 12 ሣጥን ካልተሣለ፣ ሌላ 50 ዓመት ልብሳችንን ሜዳ ጥግ እንከምራለን።

«ሣጥን መቆለፍ ልጆቹን ሌባ ናችሁ እንደማለት ነው» ያሉኝም አሉ። እኔ የማውቀው ሌላ ነው፦ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ሜዳ ላይ የተበተነ ጫማ ጨዋውንም ልጅ ይፈትናል። ቁጥር የተጻፈበት ሣጥን ግን ለተማሪው «ይህ ያንተ ነው፣ ይህ ደግሞ የሰው ነው» ብሎ በየቀኑ ያስተምረዋል። ይህን ትምህርት ትልልቆቹም ብንማረው አይጎዳንም።

ያ ጓደኛዬ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ባገኘሁት ቁጥር ስለ ኳስ አናወራም። እኔ ግን እግሩን አያለሁ።