ኃይላችን ከየት ነው?



ከጥቂት ጊዜ በፊት አሜሪካ በምትገኝ አንዲት የአማርኛ ተናጋሪዎች ቤተ ክርስቲያን ለአገልግሎት ሄደን ነበር። ጉባኤው ሲያበቃ አንዲት እህት በነጠላዋ የሸፈነችውን ትልቅ መጽሐፍ ይዛ መጣች። «ፓስተር፣ ልጄ ክፍል ውስጥ ያገኘሁት ነው፤ ይጸልዩልኝ» አለችን። ሽፋኑ ላይ አስፈሪ ግዙፍ ፍጡር ተስሏል። እኛም ገልጠን ሳናይ «ይህ ነገር ከቤት ይውጣ» አልናት። አጠገቧ የቆመው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጇ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፓስተር፣ አንብበውታል?» ሲል ጠየቀን። አላነበብነውም ነበር። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ በማግስቱ በነበረው የወጣቶች ጸሎትም አልተገኘም።

ያ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣን። መጽሐፉን ከእናቱ ተውሰን አነበብነው።

ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል፤ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን የፈጠሩት ሲሆን በ1974 እ.ኤ.አ. ታተመ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው በቃል ተረት ይፈጥራሉ። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይሆናሉ። ያሰቡት ይሳካ እንደ ሆነ ዳይስ ይጣላል። ተጫዋቹ የገጸ ባሕርዩን «ክላስ» ማለትም መደቡን ይመርጣል። መጀመሪያ የነበሩት መደቦች ሦስት ናቸው፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና «ክለሪክ» የተባለው ካህን። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛ እትም አሥራ ሁለት ደርሰዋል።

ስናነብ አንድ ነገር ያዘን። ብዙዎቹ መደቦች የሚለያዩት በሚሠሩት ብቻ ሳይሆን ኃይላቸውን ባገኙበት መንገድ ነው። «ዊዛርድ» ኃይሉን ያገኘው መጽሐፍ አጥንቶ ነው። «ሶርሰረር» ሲወለድ በደሙ ይዞት መጣ። «ዋርሎክ» ከአንድ ኃያል መንፈሳዊ ፍጡር ጋር ውል ገብቶ ተቀበለ። «ፓላዲን» በመሐላው ይጸናል። ክለሪኩ ከሚያመልከው አምላክ ይቀበላል።

እዚህ ላይ የእናቲቱን ፍርሃት ማቃለል አንፈልግም። በ1980ዎቹ ብዙ የአሜሪካ ክርስቲያኖች ይህን ጨዋታ አጥብቀው ተቃውመዋል። የእኛ እናቶች ፍርሃት ግን ከዚያ ይለያል፤ ከቃልቻ ቤት ደጃፍ የተመለሰ ዘመድ ያላቸው ናቸው። ውል የሚባለው ነገር ለልጁ ተረት ነው፤ ለእናቱ ግን የጎረቤት ታሪክ ነው። ዘዳግም 18 ጥንቆላንና መናፍስት መጥራትን በግልጽ ይከለክላል፤ በሐዋርያት ሥራ 19 የኤፌሶን አማኞች የአስማት መጻሕፍታቸውን አቃጥለዋል። በተረት ውስጥ አስማተኛ መሆንና ጥንቆላ መሥራት ግን አንድ አይደሉም። ሆኖም ኅሊናው የሚከሰው ሰው ይተወው፤ በጨዋታው ከጸሎትና ከጉባኤ የራቀም እንዲሁ።

እኛን ያስደነገጠን ግን ሌላ ነው። በልጁ መጽሐፍ ውስጥ ጠንቋይ ልንፈልግ ሄደን ራሳችንን አገኘን።

በሥነ መለኮት ኮሌጅ ተምረን ወጥተናል። ሳንጸልይ፣ በንባባችን ብቻ ተማምነን ወደ መድረክ የወጣንባቸው እሑዶች ነበሩ። ይህ ከዊዛርዱ በምን ይለያል? «የአባቴ ቅባት በእኔ ላይ ነው» እያለ በዘሩ የሚመካ አገልጋይ ከሶርሰረሩ በምን ይለያል? በዓላማው ጽናት የሚመካውም ጴጥሮስን ያስብ፤ ከጌታው ጋር ለመሞት ዝግጁ ነኝ ያለው ሰው በዚያው ሌሊት ምሎ ካደ።

ከሁሉ የከፋው ዋርሎኩ ነው። «ይህን ያህል ዝሩ፣ ቪዛችሁ ይወጣል፤ ይህን ያህል ስጡ፣ ማኅፀናችሁ ይከፈታል» የሚል ስብከት ስንት ጊዜ ሰማን? እግዚአብሔርን የውል ባለ ዕዳ ማድረግ አይደለምን? የልጁ መጽሐፍ ውሉን ቢያንስ ውል ብሎ ይጠራዋል፤ እኛ እምነት ብለነዋል። የሰማርያው ሲሞን መንፈስ ቅዱስን በገንዘብ ሊገዛ በፈለገ ጊዜ ጴጥሮስ አልታገሠውም (ሐዋ. 8)። እኛ ለምን ታገሥን?

ክለሪኩ እንኳ ለእኛ በቂ ምሳሌ አይሆንም። ተጫዋቹ መደቡን ራሱ መርጧል፤ ደረጃው ሲያድግም ኃይሉ አብሮ ያድጋል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 የሚያስተምረን ግን መንፈስ ቅዱስ ስጦታን እርሱ እንደ ወደደ እንደሚያካፍል፣ የሚሰጠውም ለሁሉ ጥቅም እንደ ሆነ ነው። ጸጋን አንመርጠውም፣ አንወርሰውም፣ ተዋውለንም አናገኘውም። ስጦታ ነውና የሚመካበት የለም፤ ለሌላው የተሰጠ ነውና ለራሱ የሚያስቀረው የለም።

ከወራት በኋላ ወደዚያች ከተማ ስንመለስ ልጁን ፈልገን አገኘነው። አስቀድመን ይቅርታ ጠየቅነው። ከዚያ «በጨዋታው አንተ የትኛው ነህ?» አልነው። «ክለሪክ» አለ። «ለምን?» ብንለው፣ «ጓደኞቼ መሆን አይፈልጉም፣ ፓስተር። ሁሉም መዋጋት ነው የሚፈልገው። ግን ቁስለኛውን የሚያነሣ ከሌለ ሁላችንም እናልቃለን» አለን።

ዝም አልን። ማይክሮፎን ለመያዝ የሚሽቀዳደሙ ብዙዎች ባሉበት ቤታችን፣ የታመመን ለመጠየቅ ስንቶች ይሰለፋሉ? ይህ ልጅ እናቱ ለዓመታት ስትጸልይለት የኖረችውን ልብ ይዞ ነበር፤ እኛ ግን የመጽሐፉን ሽፋን አይተን አሰናበትነው። አሁንም ወደ ወጣቶች ጸሎት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። የሰበርነውን ለመጠገን ጊዜ ይፈጃል።

እናንት ወላጆች፣ መጽሐፉን ከመጣላችሁ በፊት ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት። «የትኛው ነህ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙት። የሚከለከል ነገር ካገኛችሁም ያን ጊዜ ትከለክላላችሁ፤ እርሱም ይሰማችኋል። እናንት አገልጋዮች ደግሞ ከእኛ ጋር ወደ ጓዳችሁ ግቡና ራሳችሁን ጠይቁ፦ ኃይላችን ከየት ነው? የተሰጠንስ ለማን ነው?

ጌታ ይባርካችሁ።