የቅይጥ ሥልጠና ሰዓት የማን ነው?

የሥራ ላይ ሥልጠናን የሚመለከቱ የድኅረ ምረቃ የምርምር ንድፎች አንድ ጥያቄ ይደጋግማሉ፤ «ቅይጥ ሥልጠና ከገጽ ለገጽ ሥልጠና ይበልጥ ውጤታማ ነውን?» የሚል። ጥያቄው ለምርምር የተመቸ ይመስላል። ሁለት ቡድን ይመሠረታል፣ ቅድመ ፈተናና ድኅረ ፈተና ይሰጣል፣ የአማካይ ውጤት ልዩነት ይሰላል። የመሥሪያ ቤቶች የሥልጠና ክፍሎች ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ ወደ መቶኛ ለውጠው ምን ያህሉ በበይነ መረብ፣ ምን ያህሉ በአዳራሽ ይሰጥ እያሉ ይከራከራሉ። የዚህ ጽሑፍ አቋም ሁለቱም ጥያቄዎች ያለ ጊዜያቸው የሚጠየቁ ናቸው የሚል ነው። በሥራ ቦታ የቅይጥ ሥልጠናን ዕጣ የሚወስነው ሠራተኛው የሚማርበት ሰዓት ከማን ጊዜ ላይ እንደሚቆረስና ያ ሰዓት ለየትኛው የትምህርት ክፍል እንደሚውል ነው።

ስለ ስያሜው አንድ ነገር ልበል። አንዳንዱ «ቅይጥ»፣ አንዳንዱ «ድብልቅ»፣ ሌላው «የተቀናጀ» ይለዋል። የተደባለቀ ነገር እንደ ሽሮ ዱቄት ነው፤ ከተፈጨ በኋላ አተሩን ከቅመሙ መለየት አይቻልም። ቅንጅት ግን አንዳንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው በየተራ የሚያርሱበትን የመቀናጆን ልማድ ያስታውሳል። እያንዳንዱ በሬ የራሱን ጎን ይዞ ይስባል፤ ባለቤቶቹም ማን በየትኛው ቀን እንደሚያርስ አስቀድመው ይስማማሉ። ለሐሳቡ የሚቀርበው ይህኛው ነው። ሆኖም «ቅይጥ» የሚለው ቃል ስለተለመደ በዚሁ እቀጥላለሁ።

በማወዳደር ላይ የተመሠረተው ምርምር ምን አስገኘ? የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውና የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድነት ያሰላው ዳሰሳ፣ በቅይጥ ዘዴ የተማሩት በገጽ ለገጽ ብቻ ከተማሩት የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ያሳያል። ይህ ግኝት በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ይጠቀሳል። የዳሰሳው አዘጋጆች አብረው ያስቀመጡት ማስጠንቀቂያ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በቅይጥ ዘዴ የተማሩት ቡድኖች በአብዛኛው ተጨማሪ የመማሪያ ጊዜና ተጨማሪ ይዘት ስለነበራቸው ልዩነቱን ለማስተላለፊያው ብቻ መስጠት አይቻልም የሚል ነው። ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠውን የኤሌክትሮኒክ ትምህርት በተመለከተ በ2018 የወጣው የኮክሬን ዳሰሳ ደግሞ 16 ጥናቶችን መርምሮ፣ ከተለመደው ሥልጠና ጋር ሲነጻጸር በባለሙያው አሠራርም ሆነ በታካሚው ላይ የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ ወይም ምንም ሊሆን እንደሚችል ደምድሟል። ሪቻርድ ክላርክ ገና በ1983 የትምህርት ማስተላለፊያን ምግብ ከሚያመላልስ መኪና ጋር አመሳስሎት ነበር፤ መኪናው የምግቡን ገንቢነት አይለውጥም እንደ ማለት ነው። ሮበርት ኮዝማን የመሰሉ ምሁራን ተሟግተውታል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ያም ሆኖ ተጨማሪ ሰዓት ያገኘ ቡድን ቢበልጥ ሊያስደንቀን አይገባም።

የአገራችንን ምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከሠላሳ ሺህ በላይ ሠራተኞችን፣ በአብዛኛው ዐሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶችን፣ ለአንድ ዓመት ያህል አሠልጥኖ በየቀበሌው አሰማርቷል። በአንድ የገጠር ጤና ኬላ ሁለት ሠራተኞች ይመደባሉ፤ የሚያገለግሉት ሕዝብም 5,000 ያህል ነው። እነዚህን ሠራተኞች ወደ ደረጃ አራት ለማሳደግ ሲታሰብ ችግሩ ግልጽ ነበር። ሁለቱንም ለረጅም ጊዜ ወደ ኮሌጅ መጥራት ማለት ጤና ኬላውን መዝጋት ማለት ነው። በመሆኑም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ክፍት ዩኒቨርሲቲ፣ ከአምሬፍ፣ ከዩኒሴፍና ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በመተባበር 13 ሞጁሎችን አሰናዳ። ይዘታቸው ከእርግዝና ክትትል እስከ ክትባት፣ ከሥርዓተ ምግብ እስከ አእምሮ ጤና ይደርሳል። ዘዴው በይፋ «ቅይጥ ትምህርት» ተብሏል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የዚህ ቅይጥ ዋና አካል የታተመ ወረቀት መሆኑ ነው። ሠራተኛዋ ንድፈ ሐሳቡን ከሥራዋ ሳትለይ እንድታነብ፣ በየክፍለ ትምህርቱ በተዘጋጁት ጥያቄዎች ራሷን እንድትፈትን፣ ለተግባር ልምምድ ግን በአካል እንድትገኝ ታስቦ የተነደፈ ነው።

ከዚህ ንድፍ የምወስደው የድንበሩን አሰማመር ነው። የደም ግፊት ለምን እንደሚለካ፣ ስንት ሲደርስ አደገኛ እንደሚባል፣ በእርጉዝ ሴት ላይ ከብርቱ ራስ ምታትና ከዓይን ብዥታ ጋር ሲታይ ምን እንደሚያመለክት በንባብ ይገኛል። የመለኪያውን ጨርቅ በክንድ ላይ በትክክል ማሰር፣ አየሩን ቀስ ብሎ እየለቀቁ ድምፁ የጀመረበትንና የጠፋበትን ቅጽበት በጆሮ መለየት ግን ሌላ ነገር ነው። አጠገቧ ቆሞ «ጨርቁ ላልቷል፣ እንደገና እሰሪው» የሚላት ሰው ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዓይነት ዕውቀት ለመደጋገም ይመቻል፤ ሁለተኛው መታየትንና መታረምን ይሻል። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ያሳተሙት ሙከራም የመጀመሪያውን ዓይነት እንዴት ማጠናከር እንደሚቻል ያመለክታል። ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ካነበቡ በኋላ ለማስታወስ ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። እንዲህ ያለውን በቀናት ልዩነት የሚመላለስ አጭር ፈተና ለመስጠት ስልክ ከአዳራሽ ይሻላል።

በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። አዳራሹ ውስጥ ፓወርፖይንት ይነበባል፤ ልምምዱ ግን «ቪዲዮውን በኋላ ተመልከቱ» ተብሎ ወደ በይነ መረብ ይላካል። በስልክ ሊነበብ የሚችለው ነገር ሰው ከየቅርንጫፉ ተሰብስቦ ይሰማዋል፤ ሰው መሰብሰብ የሚያስፈልገው ነገር ለብቻ ይታያል። እንዲህ ዓይነቱ ቅይጥ ሃምሳ በሃምሳ ቢሆን ሰባ በሠላሳ ለውጥ የለውም።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ለስሌት ያህል 30 ሠልጣኞች ያሉትን የአምስት ቀን ሥልጠና እንውሰድ። በቀን ስምንት ሰዓት ቢታሰብ ከሠራተኞቹ ጊዜ 1,200 ሰዓት ይወስዳል። መሥሪያ ቤቱ የሦስቱን ቀን ይዘት ወደ በይነ መረብ ቢያዛውር 720 ሰዓት ከአዳራሹ ወጣ ማለት ነው። በበጀት ሰነዱ ላይ የአዳራሽ ኪራይ፣ የትራንስፖርት፣ የሻይ ቡናና የውሎ አበል ወጪ ቀንሶ ይታያል፤ ስሙም ቁጠባ ይባላል። ሰዓቶቹ ግን የትም አልጠፉም። የሥራ ድርሻው እንዳለ ሆኖ «እስከ ወሩ መጨረሻ አጠናቁ» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ወደ ማታ፣ ወደ ቅዳሜና እሑድ፣ ወደ ታክሲ ሰልፍ ተዛውረዋል። የዳታ ጥቅሉም ከሠራተኛው ኪስ ይገዛል። ከሥራ ወጥታ ወጥ የምትሠራ፣ ልጅ የምታስጠና ሠራተኛ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የምትከፍተው ሞጁልና ባልደረባዋ በቢሮው ኢንተርኔት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የሚከፍተው ሞጁል በይዘት አንድ ቢሆኑም ሁለት የተለያዩ ሥልጠናዎች ናቸው።

እዚህ ላይ የአበልን ነገር ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። በአገራችን የሥልጠና ውሎ አበል ለብዙ የመንግሥት ሠራተኛ የገቢው አንድ አካል ሆኗል። ሥልጠና የሚፈለገው ለይዘቱ ሳይሆን ለአበሉ ነው፣ ተመልማዮችም በሥራ አግባብነት ሳይሆን በተራ ይላካሉ የሚለው ወቀሳ መሠረት አለው። በይነ መረብ ይህን ያስቀራል ብለው የሚደሰቱ ኃላፊዎች አሉ። እኔ ግን ነገሩን በሌላ በኩልም አየዋለሁ። አበሉ ቀርቶ፣ የሥራ ሰዓት ሳይሰጥ፣ የዳታው ወጪ ሲጨመርበት ሠራተኛው ቀድሞ ያገኝ የነበረውን አጥቶ ቀድሞ ያላወጣውን እንዲያወጣ ተጠየቀ ማለት ነው። ከዚያ ሞጁሉን ሳይጨርስ ሲቀር «ሠራተኛው ለቴክኖሎጂ ያለው አመለካከት ዝቅተኛ ነው» የሚል ድምዳሜ በጥናት መልክ ይቀርባል። አመለካከቱን ከመለካት በፊት ሒሳቡን መሥራት ይቀድማል። የእኔ ሐሳብ ለበይነ መረብ ትምህርት አበል ይከፈል አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በሥራ መርሐ ግብር ላይ ተጽፎና ተተኪ ተመድቦለት ይሰጥ ነው።

ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የባንክ መስኮት ፊት ደንበኛ ይጠብቃል፤ ሁለት ሠራተኛ ያለው ጤና ኬላ ተተኪ የለውም። ሰዓት መስጠት የማይችል መሥሪያ ቤት ግን ሥልጠናውን የመሸከም አቅም እንደሌለው ተረድቶ ይዘቱን ቢቀንስ ይሻላል። ከምናውቃቸው የአምስት ቀን ሥልጠናዎች ስንቶቹ ያለ ጉዳት ወደ ሁለት ቀን ሊያጥሩ እንደሚችሉ ተሳታፊ የነበረ ሁሉ ይገምታል።

የአሠልጣኙም ቦታ እንደ ሰዓቱ ሊታሰብበት ይገባል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት እናስታውስ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በተወሰነለት ፍጥነት ይተላለፍ ነበር፤ መምህሩ በመግቢያውና በመዝጊያው ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶታል። ተማሪው እንዳልገባው ከፊቱ ቢያነብም ስርጭቱን የማስቆም ሥልጣን አልነበረውም። በሥራ ቦታ ሥልጠናም ሠልጣኙ ትናንት ማታ በየትኛው ጥያቄ ላይ እንደተሳሳተ ሳያውቅ ጠዋት አዳራሽ የሚገባ አሠልጣኝ ከዚያ መምህር የተሻለ ቦታ የለውም። ስልኩና አዳራሹ በአንድ ርዕስ ሥር ተቀመጡ እንጂ አልተቀናጁም።

ስለ መስመር መቋረጥ ብዙ ማለት አያሻም። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቋረጠው የኢንተርኔት አገልግሎት የታወቀ ነው። ወደ ስልክ የማይወርድ፣ በሚሞሪ ካርድ የማይተላለፍ፣ ሲያስፈልግ በወረቀት የማይታተም ይዘት ለእኛ ሁኔታ የተዘጋጀ አይደለም።

ለተመራማሪዎች የሚተርፈው ሥራ የት አለ? ዶናልድ ኪርክፓትሪክ በ1950ዎቹ መጨረሻ ያቀረበው ባለ አራት ደረጃ ግምገማ፣ ማለትም የሠልጣኝ አስተያየት፣ ትምህርት፣ በሥራ ላይ የሚታይ ባሕርይና የመሥሪያ ቤቱ ውጤት፣ በየመመረቂያ ጽሑፉ ይጠቀሳል፤ መረጃው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው አያልፍም። ባልድዊንና ፎርድ በ1988 ሥልጠና ወደ ሥራ የሚሸጋገርበትን መንገድ ሲተነትኑ ከሠልጣኙና ከንድፉ ጎን ለጎን የሥራ አካባቢውን አስቀምጠዋል። የቅርብ ኃላፊው ተመላሹን ሠራተኛ «ምን ተማርክ? ሞክረውና እንየው» ካላለው፣ ወይም «እዚህ የምንሠራው እንደ ወትሮው ነው» ካለው፣ የዘዴዎቹ ልዩነት ምን ያህል ቦታ ይኖረዋል? በመሆኑም ከሥልጠናው ሦስት ወር በኋላ በሥራ ቦታ ተገኝቶ መመልከት ከመጠይቅ ይበልጣል። በትንተናም ጀምረው ያቋረጡትን ከስሌቱ ማስወጣት አይገባም። አርባ ሰው ጀምሮ አሥራ አምስት ሰው ባጠናቀቀበት የበይነ መረብ ቡድን ውስጥ የአሥራ አምስቱን አማካይ ከአዳራሹ አርባ ሰው ጋር ማወዳደር ብርቱዎቹን ከሁሉም ጋር ማወዳደር ነው።

ለሰዓቱ ጥያቄ ደግሞ አዲስ መጠይቅ እንኳ አያስፈልግም። ሙድልና መሰል የመማሪያ ሥርዓቶች እያንዳንዱ ሠልጣኝ የገባበትንና ገጽ የከፈተበትን ቀንና ሰዓት ይመዘግባሉ። መሥሪያ ቤቱን አስፈቅዶ፣ የሠራተኞቹን ስም አስወግዶ፣ ከመዝገቡ ውስጥ ምን ያህሉ በሥራ ሰዓት፣ ምን ያህሉ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ምን ያህሉ በእሑድ እንደሆነ መቁጠር ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው። ቁጥሩን በጾታና በሥራ መደብ ከፋፍሎ ከማጠናቀቅ መጠኑ ጎን ማስቀመጥም ይቻላል።